ስቴላሪየምና ሆራይዘንስ፦ አስትሮይድ ፍለጋ ከድሬዳዋና ከሐረር ሰማይ ስር ሲፈተን

ፍርዱን አስቀድመን ምክንያቱን እናስከትል። ስቴላሪየም በላፕቶፕ ላይ የሚጫን ነጻ የሰማይ ካርታ ነው። ከድሬዳዋዎቹ ሰፈሮች ከከዚራ ወይም ከሳቢያን ጣሪያ ላይ ሆኖ ቬስታ የተባለችውን አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ዓለታማ የሰማይ አካል) በአቅራቢ መነጽር (ባይኖኩላር) ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው ያለ ክፍያ ከሚገኙት ሁሉ እሱን እናስቀድማለን። የትኛው ኮከብ ከየትኛው አጠገብ እንዳለ ሲያሳይ እንከን አይወጣለትም። አስትሮይዱን የሚያስቀምጥበትን ነጥብ ግን ምንም ሳያስተካክሉ ካመኑት ባዶ ሰማይ ላይ ሲያንከራትት ያመሻል። ሆራይዘንስ የናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ በድረ ገጽ የሚሰጠው የሰማይ አካላትን ቦታ የሚያሰላ አገልግሎት ነው። መልኩ የባንክ ደረሰኝ ይመስላል፤ ረድፍ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን ይታመናል። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መገምገም ስለማያዋጣ አብረን አቅርበናቸዋል። ከጎናቸው ያለው መሣሪያ ተራ 10 በ50 መነጽር (10 እጥፍ የሚያጎላ) እና የካሜራ ማቆሚያ ብቻ ነው።

አስትሮይድ በመነጽር ውስጥ ከኮከብ አይለይም። የሰማይ ተመራማሪው ዊሊያም ኸርሼል በ1802 (በፈረንጆቹ) «ኮከብ መሰል» የሚል ስም ያወጣለትም ለዚሁ ነው። ክብ ገጽ የለው፣ ጭራ የለው፤ የሚያጋልጠው መንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሚጠየቀው «የት አካባቢ ነው?» ተብሎ አይደለም፤ «ከእነዚህ አምስት ነጥቦች መካከል የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። ሩብ ዲግሪ ስህተት ለፕላኔት ምንም አይደለም፤ ጁፒተር ራሷን ታሳውቃለች። ለአስትሮይድ ሩብ ዲግሪ መሳት ሌላ ኮከብን አስትሮይድ ብሎ መመዝገብ ነው።

ለጀማሪ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። ቬስታ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት፤ በ16 እና በ17 ወር ልዩነት ገደማ ከፀሐይ ተቃራኒ ትቆምና ያን ጊዜ ትደምቃለች። በሰማይ ባለሙያዎች አቆጣጠር የድምቀት ቁጥር ሲያንስ ብርሃኑ ይበልጣል፤ ዓይን ብቻውን በድቅድቅ ጨለማ እስከ 6 ያያል። ቬስታ በሰኔ 2018 (በፈረንጆቹ) 5.3 ደርሳ ነበር፤ በደከመ ዙሯ 6.5 አካባቢ ትሆናለች። ሴሬስ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖራትም ገጿ ጠቆር ያለና የራቀች በመሆኗ ጥሩ በሆነችበት ጊዜም ወደ 7 ነው። ሁለቱም 10 በ50 መነጽር ውስጥ ይገባሉ።

ስቴላሪየምን ሲጭኑ መነካት ያለባቸው ነገሮች

መጀመሪያ ቦታው። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት አድራሻ ተመርቶ አዲስ አበባ ላይ ሊያስቀምጣችሁ ይችላል። ኤፍ 6 ተጫኑና ድሬዳዋን ፈልጉ፤ አለበለዚያ በቁጥር አስገቡ፦ ድሬዳዋ 9.60 ዲግሪ ሰሜን፣ 41.86 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር፤ ሐረር 9.31 ሰሜን፣ 42.12 ምሥራቅ፣ ከፍታ ወደ 1,885 ሜትር። አዲስ አበባ ላይ እንደተቀመጠ ብትተዉት ሰማዩ በ12 ደቂቃ ይዘገያል፤ ሦስት ዲግሪ ማለት ነው። በኮከብ ለሚመራ ሰው ብዙ አይጎዳም፤ በአቅጣጫና በከፍታ ቁጥር ለሚያነጣጥር ግን የመነጽሩ ዕይታ ግማሽ ይህን ያህል ስለሆነ ዒላማውን ከጠርዝ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ልትወጡ አስባችሁ ሰዓቱ ላይ 3:00 ብትጽፉ ፕሮግራሙ የሚያሳየው የንጋቱን 9 ሰዓት ሰማይ ነው። ሰማዩ በ90 ዲግሪ ዞረ ማለት ነው፤ በስክሪኑ ላይ አናት ላይ ያለው ኮከብ ውጭ አድማስ ላይ ይሆናል። ትክክለኛው 21:00 ነው። ቀኑም በፈረንጆቹ ነው የሚገባው። ስቴላሪየም ውስጥ «ካሌንደርስ» የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለ፤ ሲበራ የኢትዮጵያን ቀን ከስክሪኑ ጥግ ያሳያል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለማየት ብቻ ነው፣ ቀን ማስገቢያው አሁንም የፈረንጅ ነው።

ሦስተኛው የአስትሮይዱ የምህዋር ልኬት ነው፤ ትንሽ ማብራራት ይፈልጋል። ስቴላሪየም ለእያንዳንዱ አስትሮይድ ስድስት ቁጥሮችን ይይዛል፦ የምህዋሩ ስፋት፣ ሞላላነት፣ ዝንባሌ፣ ሁለት የአቅጣጫ ማዕዘኖች፣ በአንድ የተወሰነ ቀን በምህዋሩ ላይ የነበረበት ቦታ። ከእነዚህ ተነስቶ በኬፕለር ሕግ ያሰላል፤ አስትሮይዱ ከፀሐይ በቀር ማንም የማይጎትተው ይመስል። እውነተኛው አስትሮይድ ግን ጁፒተር ይጎትተዋል፣ ሌሎቹም ይጎትቱታል። ስለዚህ ቁጥሮቹ የተሰሉበት ቀን እየራቀ ሲሄድ ስዕሉና ሰማዩ ይለያያሉ። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ፋይል ዓመታት ያለፉት ከሆነ ስህተቱ ከመነጽር ዕይታ ባይወጣም ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላ ኮከብ ለመሳሳት ይበቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የሰማይ ተመራማሪው ፒያዚ በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 1801 በጣሊያኗ ፓሌርሞ ሴሬስን አይቶ ከፀሐይ ጀርባ ስትጠፋበት፣ የሒሳብ ሊቁ ጋውስ ከጥቂት ልኬቶች ምህዋሯን አስልቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳግም ያስገኛት በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው።

ማደሱ እንዲህ ነው። ኤፍ 2 ተጫኑ፤ «ፕለጊንስ» የሚለው ትር ውስጥ «ሶላር ሲስተም ኤዲተር» አለ። ሲከፈት አብሮ እንዲነሳ ምልክት አድርጉና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ከዚያ «ኮንፊገር» ብላችሁ፣ «ሶላር ሲስተም» በሚለው ትር ስር ከማይነር ፕላኔት ሴንተር (የትንንሽ የሰማይ አካላትን ልኬት ከሚሰበስበው ማዕከል) ልኬቶችን የሚያመጣውን ቁልፍ ተጫኑ። ዝርዝር ይቀርብላችኋል፤ በዓመቱ ከፀሐይ ተቃራኒ የሚሆኑትን ደማቅ አስትሮይዶች የያዘው ይበቃል። ሲጨርስ «ነባሮቹን ምን ላድርግ?» ሲላችሁ የምህዋር ልኬቱን ብቻ እንዲያድስ ምረጡ፤ ሁሉንም እንዲተካ ካደረጋችሁ ስለ አካሉ ቀድሞ የነበረው ሌላ መረጃ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ዝርዝር ጽሑፍ ስለሆነ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም። ተጨማሪ የከዋክብት ማውጫዎቹን ግን አታውርዱ፤ አብሮ የሚመጣው ከ600 ሺህ በላይ ከዋክብት ይዟል፣ ለመነጽር ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው ትንሽ ነገር ኤፍ 4 ውስጥ ያለው የመብራት ብክለት መጠን ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ስክሪኑ ላይ ኮከብ ይፈላል፤ ከመጋላ ጣሪያ ደግሞ ከሩብ የማይበልጡት ይታያሉ። የሚታየውን ያህል እስኪቀንስ ከፍ አድርጉት። ስክሪኑና ሰማዩ ካልተመሳሰሉ ኮከብ እየቆጠሩ መሄድ ፈጽሞ አይቻልም።

«ኦኩላርስ» የሚባለው ክፍል ለብቻው ሊመሰገን ይገባዋል። የመነጽሩን 10 እጥፍ አጉሊነትና 6.5 ዲግሪ ዕይታ አስገብታችሁ መነጽር መሆኑን ምልክት ስታደርጉ ዓይናችሁ የሚያየውን ክብ ልክ እንዳለ ያወጣላችኋል። በመነጽራችሁ ላይ «114 ሜትር በ1000 ሜትር» የሚል ተጽፎ ከሆነ 6.5 ዲግሪ ማለት ነው።

የስልኩ ስቴላሪየም ሌላ ዕቃ ነው። የሚሠራው ኖክቱዋ የተባለ ኩባንያ ነው፤ ሶላር ሲስተም ኤዲተር የለውም፣ ብዙው ነገር በሚከፈልበት ቅጂ ውስጥ ነው። ለመንገድ ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ ላፕቶፑን አይተካም። ስልክን ወደ ሰማይ አዙሮ መፈለግም በእኛ ጣሪያዎች ላይ አይሳካም፤ የስልኩ ኮምፓስ በማግኔት ነው የሚሠራው፣ ከስሩ ቆርቆሮና የአርማታ ብረት ካለ ብዙ ዲግሪ ይስታል።

ሆራይዘንስ፦ አስቀያሚው ሐቀኛ

ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። ስሌቱ የፕላኔቶችን ስበት ሁሉ አስገብቶ የሚሠራ ስለሆነ ስቴላሪየም የሚጎድለው እዚህ አለ። አምስት ነገር ይጠይቃል፦ የሰንጠረዡ ዓይነት (የተመልካች ሰንጠረዥ የሚለውን ምረጡ)፣ ዒላማው፣ የተመልካቹ ቦታ፣ ጊዜውና የእርምጃው ርዝመት፣ የሚወጡት ዓምዶች።

ዒላማው ላይ ወጥመድ አለ። የቬስታ ቁጥር 4 ነው ብላችሁ 4 ብቻ ብትጽፉ የምታገኙት የማርስን ሥርዓት ነው፤ አገልግሎቱ ትላልቅ አካላትን ያስቀድማል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ (;) ስታክሉ ትንንሾቹ አካላት ውስጥ ይፈልጋል። መሞከር ለሚፈልግ 1432ን በዚህ መንገድ ያስገባ፤ የሚመጣው «ኢትዮጵያ» የተባለው አስትሮይድ ነው፤ ሲሪል ጃክሰን በ1937 (በፈረንጆቹ) በጆሃንስበርግ ያገኘው። ለመነጽር በጣም ደብዛዛ ነው፤ ግን ቁጥር አጻጻፉን በትክክል መያዛችሁን ይነግራችኋል።

ቦታው ላይ ደግሞ ከፍታ የሚገባው በኪሎ ሜትር ነው። ለድሬዳዋ 1.2 እንጂ 1200 አይደለም፤ 1200 ብትሉት ከምድር በላይ በሳተላይት ከፍታ ላይ ያለ ሰው አድርጎ ያሰላላችኋል፤ አይከራከራችሁም። ኬንትሮሱ ምሥራቅ መሆኑንም አረጋግጡ።

ጊዜው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የእኛን የማታና የሌሊት ሰዓት ወደዚያ ለመቀየር 15 ደምሩ፦ ማታ 3 ሰዓት 18:00 ይሆናል፣ ሌሊት 6 ሰዓት 21:00። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድምሩ 24 ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ 24 ቀንሱ፣ ቀኑም በፈረንጆቹ ወደ ነገ ይዛወራል። እኛ ዘንድ ቀን የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለሚመስለን ከሌሊቱ 9 በኋላ የተመዘገበ ልኬት በአንድ ቀን ወደኋላ ይጻፋል፤ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ያስቀራል። በሰንጠረዡ ማስተካከያ ውስጥ የሰዓት ቀጣናውን +3 ማድረግም ይቻላል፤ ግን ከሌላ ምንጭ ጋር ለማነጻጸር ስትሞክሩ ያደናግራል፣ እንዳለ ብትተዉት ይሻላል።

ለቬስታ የእርምጃ ርዝመት አንድ ቀን ይበቃል። ከዓምዶቹ አራት ብቻ አስቀሩ፦ ራይት አሴንሽንና ዲክሊኔሽን (በሰማይ መረብ ላይ እንደ ኬንትሮስና ኬክሮስ ያሉት ቁጥሮች)፣ አዚመትና ከፍታ፣ ድምቀት፣ ርቀት። አዚመት ከሰሜን ተነስቶ በምሥራቅ በኩል የሚቆጠር ነው፤ 90 ምሥራቅ፣ 180 ደቡብ። ከሰዓቱ አጠገብ የምታዩት የኮከብ ምልክት ፀሐይ እንዳለች ይናገራል፤ ሲ፣ ኤንና ኤ የሚሉት ፊደሎች የውጋገኑ ደረጃዎች ናቸው፤ ባዶ ከሆነ ድቅድቅ ሌሊት ነው። ኤም ካለ ጨረቃ ወጥታለች።

አሁን ሁለቱን ስታገናኙ የሚመጣው ስህተት ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ሰው «ስቴላሪየም ተሳስቷል» የሚለውም በዚህ ነው። ሆራይዘንስ መጀመሪያ የሚሰጠው ቦታ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መረብ ላይ የተለካ ነው። ስቴላሪየም አንድን ነጥብ ስትነኩ ሁለት መስመር ያወጣል፦ አንዱ «ጄ 2000»፣ ሌላው «የዕለቱ»። የምድር ምሰሶ ቀስ እያለ ስለሚዞር በእነዚህ ሁለት መረቦች መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ 50 የቅስት ሰከንድ ገደማ ይጨምራል (የቅስት ደቂቃ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ፣ የቅስት ሰከንድ ደግሞ የዚያ ደቂቃ አንድ ስልሳኛ ነው)። ከ2000 ወዲህ ተደምሮ ከ20 የቅስት ደቂቃ አልፏል፤ ቬስታ በአንድ ሙሉ ቀን ከምትሄደው ይበልጣል። ስለዚህ የሆራይዘንስን የመጀመሪያ ዓምድ ከስቴላሪየም «ጄ 2000» መስመር ጋር ብቻ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከአንድ የቅስት ደቂቃ በታች ከሆነ ካርታው ለዚያ ሳምንት ይታመናል። ከበለጠ ልኬቱን አድሱ።

መነጽሩን ይዞ መውጣት

ለእኛ አካባቢ የተሰጠ አንድ ጸጋ አለ። ፕላኔቶችና አብዛኞቹ አስትሮይዶች የሚሄዱበት መንገድ ከድሬዳዋ ሲታይ በአናት አካባቢ ያልፋል። መንገዱ ራሱ መሐል ሰማይ ሲደርስ ከ57 ዲግሪ በታች አይወርድም። አውሮፓ ያለ ሰው በበጋው ሌሊት አስትሮይዱን ከጭጋግና ከዛፍ መካከል ይፈልጋል፤ እኛ ግን በቀጭኑ አየር ውስጥ ከላያችን እናገኘዋለን። ዋጋው አንገት ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር በእጅ ብቻ ሲያዝ ኮከቡ ይጨፍራል፤ ካሜራ ማቆሚያ ላይ ሲታሰር ደግሞ አናት ላይ ያለን ነገር ለማየት ከስሩ መንበርከክ ግድ ይላል። መፍትሔው ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ የታጠፈ ጋቢ አንገት ስር አድርጎ፣ ክርንን ደረት ላይ አስደግፎ መያዝ ነው። ማቆሚያው የሚጠቅመው አስትሮይዱ ከ60 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ለማሰር የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ያስፈልጋል፤ መነጽሩ ከፊት ማጠፊያው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ስትፈቱ የብሎን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ቀዳዳ የሌለውን መነጽር ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ሲገዙ ሌላ የሚታየው ቁጥሩ ነው። 10 በ50 ማለት አጉሊነቱ 10፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ለጨለማ የተከፈተ ዓይንም ያን ያህሉን ይቀበላል። «20 እስከ 100 እጥፍ» የሚል የተጻፈባቸውን ርካሽ መነጽሮች እለፉ፤ አጉሊነቱ ሲጨምር ዕይታው ይጠባል፣ ብርሃኑ ይሞታል፣ መንቀጥቀጡም ይባዛል። መነጽሩን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ወደ ምዕራብ ማነጣጠር ለዓይን አደጋ ነው፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትግባ።

ቦታውን በተመለከተ ድሬዳዋ ደቡቧ በተራራ የታጠረ፣ ሰሜኗ የተከፈተ ሜዳ ነው። ከተማ ውስጥ ሆነው ለቬስታ ይበቃል፤ ለሴሬስ ግን ወደ ሽንሌ አቅጣጫ ወጣ ማለት ወይም ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረማያ መሄድ ልዩነት አለው። ነፋስ አቧራ ባነሳበት ምሽት ቆላው ላይ ያለው ሰማይ ወተት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ደጋው ይሻላል። መብራት የጠፋበት ሌሊት (ለዚህ ብቻ) በረከት ነው። ሐረር ከፍታዋ ይረዳል፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው የጀጎል ቤት ደግሞ የተሠራ መመልከቻ ማለት ነው። ከግንቡ ውጭ ሜዳ ላይ በጀርባ ተኝቶ ኮከብ መቁጠር ግን የጅቦቹን ሰዓት መጋፋት ነው፤ በሐረር ጣሪያው ይመረጣል።

ጨረቃን ለማወቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የሂጅራውን ቀን የሚያውቅ ሰው ጨለማውን ያውቃል፦ ወሩ 20 ካለፈ በኋላ የምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ጨለማ ናቸው፤ ይህም እስከ ቀጣዩ ወር 5 ገደማ ይዘልቃል። ከ10 እስከ 17 ባለው ጊዜ ሴሬስን መፈለግ ድካም ነው። ከወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመረጣል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደመና ይበዛል፣ በበልግም እንዲሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስጡት፤ ላፕቶፑ ላይ ኮንትሮልና ኤን ስትጫኑ ስክሪኑ ወደ ቀይ ይቀየራል። በዓይን ከሚታይ ደማቅ ኮከብ ተነሱና በመነጽሩ ዕይታ ልክ አንድ ክብ አንድ ክብ እያላችሁ ወደ አስትሮይዱ ተሸጋገሩ። የደረሳችሁበትን ክብ ወረቀት ላይ ሳሉ። ክቡን 10 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ያኔ አንድ ዲግሪ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከአስትሮይዱ አካባቢ ያሉትን ስድስት ወይም ሰባት ነጥቦች ብቻ አስቀምጡ፤ ስም አትጻፉ፣ የትኛው አስትሮይድ እንደሆነም አትወስኑ። ካርታው «ይህ ነው» ካለ በኋላ ዓይን የሚያየው ካርታውን ነው።

በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ያንኑ ክብ እንደገና ሳሉ። ቬስታ ከፀሐይ ተቃራኒ ባለችበት ሰሞን በቀን ሩብ ዲግሪ ያህል ትሄዳለች፤ በወረቀታችሁ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቀን 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በእጅ የተሳለ ሥዕል ስህተት ይህን አይሸፍነውም። ሴሬስ ትንሽ ትዘገያለች። ከተቃራኒው ቀን አንድ ወር ተኩል ገደማ በፊት ወይም በኋላ ግን አስትሮይዱ አቅጣጫ ለመቀየር የቆመ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ያን ሰሞን በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ለውጥ ባታዩ አልተሳሳታችሁም፤ ሳምንት ጠብቁ።

ስልክ ለሥዕሉ ምትክ ይሆናል። በእጅ ማስተካከያው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 እስከ 3200፣ የመክፈቻ ጊዜ 10 ሰከንድ፣ ትኩረቱን ማለቂያ ላይ አድርጉና በማቆሚያ ላይ በሦስት ሰከንድ መዘግየት አንሱ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከሆነ ኮከቦቹ ይሰመራሉ። በሁለት ሌሊት የተነሱትን ሁለት ፎቶዎች በጣት ወዲያና ወዲህ ስታገላብጡ የሚዘለው ነጥብ አስትሮይዱ ነው። ባለሙያዎችም ለረጅም ዘመን አስትሮይድ ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ እነሱ በመስታወት ሳህን፣ እናንተ በስልክ።

ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር ስናነጻጽር «ሄቨንስ አባቭ» የተባለው ድረ ገጽ ደማቅ አስትሮይዶችን ዘርዝሮ ካርታ ያወጣል፤ ላፕቶፕ ለሌለው ይበቃል፣ ቦታችሁን አስቀድማችሁ ካላስገባችሁ ግን ለእናንተ የማይሆን ሰዓት ይሰጣችኋል። «ስካይ ሳፋሪ» በስልክ ላይ ካሉት ጠንካራው ነው፤ ይከፈልበታል። ሁለቱም ሆራይዘንስን አይተኩም።

ሚያዝያ 2021

እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ክፉኛ የሚለያዩበት ቀን የታወቀ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2021፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ አፖፊስ የተባለው ወደ 340 ሜትር ስፋት ያለው አስትሮይድ ከምድር ገጽ ወደ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ቀርቦ ያልፋል፤ አንዳንድ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ካሉበት ቀርቦ ማለት ነው። ምድርን አይመታም፤ ናሳ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በራዳር ልኬት ለሚቀጥሉት 100 ዓመታት ስጋቱን ዘግቷል። ድምቀቱ 3 ገደማ ስለሚደርስ ከአፍሪካ ያለ መነጽር ይታያል፤ ሌሊቱም ጨረቃ አዲስ የምትወለድበት ስለሆነ ጨለማ ነው።

ለዚያ ሌሊት ስቴላሪየምን ለሰማዩ ገጽታ እንጂ ለአፖፊስ ቦታ አትጠቀሙበት። የምድር ስበት በዚያች ሌሊት የአፖፊስን ምህዋር ስለሚያጥፈው ከዚያ በፊት የተሰሉት ስድስት ቁጥሮች በኋላ አይሠሩም፤ ፀሐይን የሚዞርበት ጊዜ ራሱ ከአንድ ዓመት በታች የነበረው ከዓመት በላይ ይሆናል። በኬፕለር ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቦታችሁም ያኔ ዋጋ አለው። ለቬስታ አዲስ አበባም ሆናችሁ ድሬዳዋ ቦታዋ ከከዋክብት አንጻር ግማሽ የቅስት ሰከንድ እንኳ አይለያይም፤ ርቀቷ በመቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው። አፖፊስ ግን በአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚሆን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 350 ኪሎ ሜትር ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። በአዲስ አበባ የወጣን ካርታ ይዞ ሐረር ጣሪያ ላይ መቆም አያዋጣም።

ሆራይዘንስ ላይ 99942 ብላችሁ፣ ያችን ምልክት አክላችሁ፣ የእርምጃውን ርዝመት አንድ ደቂቃ አድርጉ፤ ሲቀርብ በደቂቃ ውስጥ የጨረቃን ስፋት የሚያህል ስለሚጓዝ በቀን የተሰላ ሰንጠረዥ ምንም አይረዳም። ለምድር ከሁሉ የሚቀርበው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ስለሚሆን ከእኛ አንጻር ወደ ምዕራብ አዘንብሏል። ከፍ ብሎ የሚታየው ከዚያ በፊት ባሉት የምሽት ሰዓታት ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከማታ 1 ሰዓት፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከ16:00 አስጀምሩት፤ ከፍታው 20 ዲግሪ የሆነባቸውን የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመሮች አስምሩባቸው። ሚያዝያ የበልግ ደመና ያለበት ወር ነውና በዚያው ሳምንት ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ አውጡ፤ አንዱን በሐረር፣ አንዱን በሽንሌ ሜዳ ቁጥር።